የምናስጠናው ማንን ነው?

ከሳሪስ እስከ አቦ ቤተ ክርስቲያን ባለው መንገድ በየመብራት እንጨቱና በየግንቡ የተለጠፉትን ወረቀቶች ላነበበ ሰው የሰፈራችን ዋና ንግድ ትምህርት ሊመስለው ይችላል። «ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ቤት ለቤት እናስጠናለን»፤ «ለማትሪክ ተፈታኞች ልዩ ዝግጅት»፤ «የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ እንሞላለን»። ከግርጌ ስልክ ቁጥር አለ። የስልኩ ባለቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእኛው የክፍል ጓደኛ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ግልጽ እናድርገው። ማስጠናት ነውር አይደለም። ከክፍለ ሀገር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪ በሳምንት ሦስት ቀን አስጠንቶ ኪራዩን ቢከፍል የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ አይደለም። ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው መምህርም ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢያስጠና ልንፈርድበት አንችልም። የእኛ ጥያቄ ሁለት ነው፤ ይኸውም የምናስጠናው ማንን ነው? የምናስጠናውስ ምኑን ነው? የሚል ነው።

የመጀመሪያውን እንመልከት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጣው ውጤት አገሩን ሁሉ ያስደነገጠ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ሲፈተኑ፣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 ወይም 8.4 ከመቶ አለፉ። መሻሻል መኖሩን አንክድም። ሆኖም በዚያ ዓመትም ቢሆን ከ100 ተፈታኞች ከ91 የሚበልጡት ከበሩ ውጭ ቀርተዋል።

በሩ እንዲህ በጠበበ ጊዜ ገንዘብ ያለው ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት ግን ከየት አምጥተው ይቅጠሩ? ልጃቸው በተጨናነቀ ክፍል ተቀምጦ ያልገባውን ለመጠየቅ እንኳ ተራ አይደርሰውም። ስለዚህ እርዳታው ይበልጥ ለሚያስፈልገው ልጅ አይደርስም፤ መጠነኛ እርዳታ ለሚበቃው ግን በሳምንት ሦስት ቀን ይደርሳል። በዚህ አሠራር ላይ እኛ በእውቀታችን የክፍያው ተጠቃሚዎች ነን። ይህን አውቀን ዝም ማለት አይገባንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ያላነሰ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ የሚመለስ ነው፤ እንግሊዝኛውም ጭምር። አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲማር፣ ዕጣውን በሚወስነው ፈተና ላይ አንድ ገጽ ጻፍ አይባልም። አስጠኚውም ይህን ስለሚያውቅ የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን ሰብስቦ «መልሱ ሐ ነው» እያለ ያስሸመድዳል። ቀድሞ ግን ተማሪዎች ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የማትሪኩሌሽን ፈተና ሲቀመጡ ድርሰት ይጽፉ ነበር። እኛ «ማትሪክ» የሚለውን ስም ይዘን ድርሰቱን ጥለናል።

ውጤቱን መምህራኖቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። በምርጫ ጥያቄ ያለፈው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የላቦራቶሪ ዘገባ ጻፍ ይባላል፤ መጻፍ አያውቅም። ከጓደኛው ይገለብጣል፤ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያሰናዳለትን አትሞ ያስረክባል። ወደ ውጭ አገር ኮሌጅ የሚያመለክተውም ስለ ራሱ ሕይወት እንዲጽፍ ሲጠየቅ ከፍሎ ያጽፋል። ይህን የሚጽፉ ከእኛ መካከል መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ልጁ ያልጻፈውን ጽፎ የሰጠው አስጠኚ የረዳው ይመስለዋል እንጂ፣ በገዛ ቃሉ የመናገር ዕድሉን ነው የነጠቀው።

ጽሕፈትን ማስጠናት የሚቻለው ብዕሩን በተማሪው እጅ በመተው ነው። ልጁ ያየውን ይጻፍ፤ ስለ ሰፈሩ ገበያ፣ ስለ አባቱ ሥራ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፍ። ጮክ ብሎ ያንብበው። አስጠኚው «እዚህ ላይ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ስሕተት ብቻ ያሳይ፤ ልጁም እንደገና ይጻፍ። ሥራው አዝጋሚ ነው። ግን ሌላ መንገድ አናውቅም።

እንግዲህ ማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፣ አስጠኚ መቅጠር ለማይችሉ የሳሪስ አቦና የአካባቢው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት በነጻ እናስጠና። አንድ አስጠኚ ከአምስት ተማሪ በላይ አይያዝ። ክፍል እንዲያውሱን የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ሰዓት አንዱ ለፈተና ዝግጅት፣ ሌላው ለጽሕፈት ይሁን።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል ለሚመርጡ ልጆች የምናውቀውን እውነት እንንገራቸው፤ ቅጹን አብረናቸው እንይ። ነገር ግን ማንም ለማንም ማመልከቻ ወይም ድርሰት አይጻፍ።

አራተኛ፣ መምህራኖቻችን ከመጀመሪያው ቅዳሜ በፊት ጽሕፈት እንዴት እንደሚታረም አንድ ቀን እንዲያሠለጥኑን በአክብሮት እንለምናለን።

«ጊዜ የለንም» የሚል ይኖራል። በ1957 ዓ.ም. በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም አስተማሪ ሆነው ነው የሠሩት። እኛ የምንጠይቀው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። «ነጻው ትምህርት ገበያችንን ይዘጋል» የሚልም አይጠፋም። ከመጀመሪያውም መክፈል የማይችል ልጅ የማንም ደንበኛ አልነበረም። «አምስት ልጅ በአንድ ላይ እንደ አንድ ለአንዱ አይሆንም» ለሚለውም እውነት ነው እንላለን፤ ነገር ግን እነዚህ ልጆች አሁን ያላቸው ምንም ነው።

በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የሚፈልግ ሁሉ ስሙንና የሚያስጠናውን የትምህርት ዓይነት እስከሚመጣው ዓርብ ድረስ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። አሥር ሰው ከተገኘ በአሥሩ እንጀምራለን።