ሰፋሪው መኪና ራሱ ይመዘን

የሚሰፍር ሁሉ አስቀድሞ ራሱ መመዘን አለበት። በቤተ ሙከራ ደምንና መድኃኒትን በጠብታ የመቅዳት ሥራ ከሰው እጅ ወጥቶ ሮቦት ለተባለው መኪና ከተሰጠ ወዲህ፥ መኪና አይሳሳትም የሚል እምነት በብዙዎች ልብ አድሯል። ነገር ግን መኪና አይደክምም ይሆናል እንጂ አይሳሳትም ማለት አይደለም።

የስፍሩ ደግነት በሁለት ነገር ይታወቃል፤ አንደኛው ለታዘዘው ልክ መቅረቡ፥ ሁለተኛው ደጋግሞ ሲሰፍር አለመለዋወጡ ነው። 10 ማይክሮሊትር ታዞ ሁልጊዜ 9 የሚሰፍር መኪና ጉድለቱ ከታወቀ ይቃናል፤ አንድ ጊዜ 8 አንድ ጊዜ 12 የሚሰፍር ግን፥ አማካዩ 10 ቢሆን እንኳ፥ ለአንዱ በሽተኛ ያጎድላል፥ ለሌላው ይጨምራል።

መመርመሪያው ውሃ አስቀድቶ በረቂቅ ሚዛን መመዘን ነው፤ 1 ማይክሮሊትር ውሃ 1 ሚሊግራም ያህል ይከብዳልና። ተንኖ የሚጠፋውም አብሮ ይታሰባል። በውሃ የተፈተነ መኪና ወፍራሙን ፈሳሽ ሊያጎድል ስለሚችል፥ በሚሠራበት ፈሳሽ ዳግመኛ ይፈተን። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. በቁጥር 23783 የፈተናውን ሥርዓት ወስኗል።

ስለዚህ መኪናውን የሚያስገዛ ሹም ከዋጋው ጋራ የፈተናውን ማስረጃ ይጠይቅ፤ የሐኪም ፍርድ የሚጸናው በታመነ ስፍር ነውና።