«በሩን በገመድ አስረን ነው የምንሄደው»

ብዙውን ጊዜ እዚህ ገጽ ላይ የምንጨዋወተው ስለ ፍቅር፣ ስለ ኩርፊያና ስለ ቤት ኪራይ ነው። ዛሬ ግን ስለ በር ነው የማወጋችሁ። «ደግሞ በር ምን ወግ አለው?» እንዳትሉኝ፤ መጀመሪያ ከኢሉባቦር፣ ከመቱ ከተማ የደረሰኝን ደብዳቤ አንብቡልኝ። ስሙን እንዳልጠቅስ አደራ ስላለብኝ ጸሐፊውን «ረዳቱ» እያልኩ እጠራዋለሁ።

«...ዕድሜዬ 21 ነው። ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ከመቱ ጎሬ፣ አንዳንዴም በቾ እንመላለሳለን፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሶርን ፏፏቴ ለማየት የሚመጡ ወጣቶችን እንጭናለን። የመኪናችን ተንሸራታች በር አልያዝ ካለ ሁለት ወር አልፎታል። በሩን በገመድ አስረን ነው የምንሄደው። ባለፈው ሰሞን ዳገት ላይ ገመዱ ተፈታና በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። በሩ አጠገብ ልጅ የታቀፈች እናት ነበረች። ክንዷን ለቀም ባላደርጋት ኖሮ... እግዜር ነው ያተረፋት። ለመኪናው ባለቤት ብነግረው ‹በሩ ምንም አልሆነ፤ አንተ ነህ መዝጋት የማትችለው። ካልተመቸህ ተወው፣ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል› አለኝ። እኅቴን የማስተምራት በዚህች ሥራ ነው። ልቻለው ወይስ ልልቀቅ?»

ወንድሜ ረዳቱ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያም ዕድሜያቸውን በላሜራና በመዶሻ መሀል ወደፈጁ አንድ የማውቃቸው ባትላሜራ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «በር ዝም ብሎ አይበላሽም ልጄ፣ ከመበላሸቱ በፊት ብዙ ቀን ይናገራል፤ የሚሰማው ሲያጣ ነው የሚከፈተው» አሉኝ። ስለዚህ መጀመሪያ በሩን እንስማው፤ ወደ ባለቤቱ ቆይተን እንመለሳለን።

የመኪና በር ቁልፍ በሁለት ደረጃ ነው የሚይዘው። በሩ ጠርዝ ላይ ያለው የቁልፉ ምላስ፣ ምሰሶው ላይ የተበየደውን ወይም በቡሎን የታሰረውን ብረት ሲያቅፍ መጀመሪያ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ይላል። ይህ ግማሽ መያዝ ነው። ሁለተኛው «ቀጭ» ሲመጣ ነው በሩ በእርግጥ የተዘጋው። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ የቀረ በር የተዘጋ ይመስላል እንጂ አልተዘጋም። ተንሸራታች በር ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ መኪናው ዳገት ሲወጣ ወይም ድንገት ሲፈተለክ ያልያዘ በር ራሱን ይከፍታል። ቁልቁለት ላይ ወይም ፍሬን ሲያዝ ደግሞ በኃይል ተመልሶ የሰው ጣት ይቀጠቅጣል። ገመድህ ዳገት ላይ የተፈታው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ካቻቢቴ ያዝ። መኪናው ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ። በሩን ክፈትና የቁልፉን ምላስ በካቻቢቴው ቀስ አድርገህ ግፋው። ሁለቴ መጮኽ አለበት። ከዚያ እጀታውን ሳበው፤ ምላሱ ፈንጠር ብሎ መመለስ አለበት። (አደራ! ምላሱን በእጀታው ሳትፈታ በሩን እንዳትዘጋው፤ ብረት ከብረት ተጋጭቶ ይሰበራል።) ምላሱ ሁለቴ ካልጮኸ ወይም ከተንቀራፈፈ ሕመሙ ያለው ቁልፉ ውስጥ ነው። የእናንተ አገር ዝናብ ረጅም ነው፣ ጭቃውም ቀይ ነው፤ የቆየ ግራሶና ጭቃ ተጋግሮ ሞላው እንዳይመለስ ያደርገዋል። በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው፤ ሲጋራም እሳትም አጠገብህ አይድረስ፤ የበሩን ጎማ ከነካው ቶሎ ጥረገው። ከደረቀ በኋላ ስስ ግራሶ ቀባው። የተቃጠለ ዘይት ግን አታፍስበት፤ አቧራ ይሰበስብና በወሩ የባሰ ይመጣል። ሞላው ተሰብሮ ወይም ምላሱ ተበልቶ ከሆነ ቁልፉ መቀየር ነው፤ በብየዳ አይታከምም።

ምላሱ ጤነኛ ሆኖ በሩ ግን አልይዝ ካለ፣ የበሩን የኋላ ጫፍ በሁለት እጅህ ወደ ላይ አንሳው። ከፍ ዝቅ ካለ በሩን ሐዲዱ ላይ የሚያስኬዱት ትንንሽ መንኮራኩሮች አልቀዋል ማለት ነው። በሩ ወደ ታች ወርዷል፤ ምላሱም ብረቱን አያገኘውም። ምሰሶው ላይ ያለውን ብረት ተመልከተው፤ በአንድ በኩል ብቻ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ምስክሩ እሱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ የወረደውን በር ተከትሎ ብረቱን ዝቅ ያደርገዋል። መፍትሔው መንኮራኩሮቹን ቀይሮ በሩን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ብረቱን ማንቀሳቀስ ካስፈለገም ቡሎኖቹን ከመፍታትህ በፊት የነበረበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርግ፣ በሚሊሜትር ብቻ አንቀሳቅስ፣ ከዚያም ጥርቅም አድርገህ እሰር።

ሁለት ነገር ደግሞ አትርሳ። አንደኛው እጀታውን ከቁልፉ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ነው። እጀታው ተስቦ ከቀረ ቁልፉም ግማሽ እንደተከፈተ ይቀራል። ሁለተኛው ከበሩ ግርጌ ያሉት ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ናቸው። ጭቃ ከደፈናቸው ዝናቡ በሩ ውስጥ ይጠራቀምና ዘንጉንም ሞላውንም በዝገት ይበላል። በክረምት በየሳምንቱ በስንጥር ክፈታቸው፤ ሐዲዱንም ያን ጊዜ ጥረገው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ፈረንጆች ለሽርሽር ከመኪና ኋላ የሚጎትቱት ቤት አላቸው፤ የእሱም በር የሚያስቸግራቸው በዚሁ መንገድ ነው። መንገዱ ሲንጠው አካሉ ይጣመማል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ምላሱና ተቀባዩ ብረት ይተላለፋሉ።

ገመድስ? ገመድ በር አይደለም! በውጭ በኩል መቀርቀሪያ የሚያስበይዱም አሉ፤ ይህኛው ደግሞ መኪናው ቢገለበጥ ወይም ቢቃጠል ተሳፋሪውን ውስጥ ይቆልፍበታል። ነገሩን አቅልላችሁ እንዳታዩት፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመኪና አደጋዎችን ሲያጠኑ፣ በሩ ተከፍቶ ወደ ውጭ የተወረወረ ሰው ውስጥ ከቀረው ይልቅ ለሞት እጅግ የቀረበ ሆኖ አገኙት። ፎርድም የ1956 ሞዴሎቹን በተጠናከረ የበር ቁልፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 አገሮች በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የመኪና ቴክኒክ ደንብ ሲያጸድቁ፣ ቁጥር 1 ያሉት ስለ ሞተር ወይም ስለ ፍሬን አልነበረም። ስለ በር ቁልፍ ነበር!

እሺ፣ ወደ ባለቤቱ እንመለስ። ልቻለው ወይስ ልልቀቅ ብለሃል። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሾፌሩን ያዝ። ከመሪው ኋላ ያለው እሱ ነው፤ የሆነ ነገር ቢፈጠር ትራፊክ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ምላሱንና የወረደውን በር አሳየው። ከዚያ ሁለታችሁ አንድ ላይ፣ ባለቤቱ የሚያከብራቸው አንድ ትልቅ ሰው ባለበት ንገሩት። «በሩ ተበላሽቷል» ብቻ አትበል፤ «መንኮራኩሩ አልቋል፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል» በለው። በቁጥር የመጣን ነገር በስድብ መመለስ ይከብዳል። «ቦሎ አለኝ» ካለህም፣ የዓመቱ ምርመራ ቦሎ ያሰጣል እንጂ በሩን ዓመቱን ሙሉ ይዞ አይቆምም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለስ? ያን ጊዜ ልቀቅ እልሃለሁ። የእኅትህን ደብተርና የወር ኪራይህን ረስቼ አይደለም። ሥራ ፈትቶ መንከራተት ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ግን ያቺ እናት ብትወድቅ ኖሮ ባለቤቱ ሌላ ረዳት ይቀጥር ነበር፤ አንተ ግን ያን ክንድ ዕድሜህን ሙሉ እያሰብክ ትኖር ነበር። እስክትለቅም ቢሆን ያ በር ሁለቴ ሳይጮኽ «ሳበው!» አትበል። «ሳበው» የምትለዋ ቃል ያንተ ናት።

እናንተም ተሳፋሪዎች፣ «ረዳቱ ምን ይሠራል» ብላችሁ አትተኙ። በሩ ሲዘጋ ጆሯችሁን ስጡት። በሩ ላይ አትደገፉ፣ ልጅ የያዘን ሰው ከበሩ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መኪናው እየሄደ በሩ ከተከፈተም ልዝጋው ብላችሁ አትንጠራሩ፤ «ሾፌር፣ አቁም!» በሉ። ነገረኛ ቢሏችሁም ቻሉት። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ውሻ ነው።

ረዳቱ፣ ከባለቤቱ ጋር የደረሳችሁበትን ጻፍልኝ። ለሌሎቻችሁ፣ ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!