ለቀንድ አውጣዋ ብላችሁ ፊልተር አታጥፉ!

እስቲ ይሄን ነገር እንነጋገርበት። ቀንድ አውጣ ለአኳሪየሙ የገዛን ሰው «ማታ ማታ ፊልተሩን አጥፋው፣ አለዚያ ይስባታል» ብለው የሚሸኙ ሻጮች አሉ። ይሄ ምክር ነው? መብራት እየጠፋ የሚያስቸግረን አንሶ ራሳችን እናጥፋ? ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ኦክስጅን ሲያገኙ ነው። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ከቆመባቸው ይታፈናሉ። ከዚያ ቀንድ አውጣዋም ዓሣውም በተመረዘ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድሩት። (የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የናይትሮጅን ዑደትን ለፈተና ብቻ ነበር እንዴ የሸመደዳችሁት?)

መፍትሔው እኮ ርካሽ ነው። ውሃ የሚስበው ቱቦ አፍ ላይ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ስፖንጅ ማልበስ፣ በቃ! የትልቋ ቀንድ አይያዝም፤ የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉት ልጆቿም ሞተሩ ውስጥ ገብተው አይፈጩም። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት፤ የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ደግሞ እንዳታስገቡ፣ አንዳንዱ ፀረ ጀርም መድኃኒት አለበት።

«ለቀንድ አውጣ ይሄ ሁሉ?» የምትሉኝ አትጠፉም። አዎ፣ ለቀንድ አውጣ! ገዝታችሁ ያመጣችኋት እናንተ፣ ከሞተር ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ የዘጋችሁባት እናንተ። የት ትሽሽ?