ገደቡ ለማን ነው?

ልጄ የዜግነት ትምህርት ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «የመንግሥት ቅርጾች» የሚለው ምዕራፍ ላይ ደርሰዋል፤ ዘውዳዊ፣ ፕሬዚዳንታዊ፣ ፓርላሜንታዊ። የኛ የትኛው እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሕገ መንግሥቱን አውርጄ አንቀጽ 45ን አሳየኋት። እሷ ግን ገጹን እየገለበጠች አንቀጽ 70 ላይ ደረሰች። የፕሬዚዳንቱ የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት ነው፤ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ለፕሬዚዳንትነት ሊመረጥ አይችልም።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩስ፣ አባዬ?»

አንቀጽ 72ን አብረን አነበብን። የሥራ ዘመኑ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ነው ይላል። ስንት ጊዜ መመላለስ እንደሚችል ግን አንድም ቃል የለም።

ይህን አንቀጽ ስንቴ አንብቤዋለሁ! ከልጅ አፍ ሲመጣ ግን ከበደኝ። ጦሩን የሚያዘው፣ ሚኒስትሮቹን አጭቶ የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፕሬዚዳንቱ አዋጅ ይፈርማሉ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ምክር ቤቶቹን ይከፍታሉ። ገደቡ የተጣለው ሥልጣን በሌለው ወንበር ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከጣሪያው የደረሱት ከ1994 እስከ 2006 ዓ.ም. 12 ዓመት ያገለገሉት ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። አቶ መለስ ዜናዊ በበኩላቸው ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ቆይተው ከወንበሩ የለያቸው የ2004ቱ ሞት ነው።

የሕግ ሰዎች መልስ አላቸው፤ አውቀዋለሁ። በፓርላሜንታዊ ሥርዓት ገደቡ ምክር ቤቱ ራሱ ነው፣ አመኔታ ሲነፍግ መሪው ይወርዳል ይላሉ። በእንግሊዝ እውነት ነው። ማርጋሬት ታቸርን ከ11 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ያስለቀቋቸው የገዛ ፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት ናቸው። እኛ ዘንድ ግን በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ አንድም ሳይቀር ሁሉንም። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ውስጥ መሪውን «በቃህ» የሚል እጅ ከየት ይወጣል?

ደቡብ አፍሪካም መሪዋን የምትመርጠው በምክር ቤቷ በኩል ነው፤ ሕገ መንግሥቷ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ «ቅርጹ አይፈቅድም» የሚለው ክርክር አያሳምነኝም።

ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። በቦረና አባ ገዳው ስምንት ዓመት መርቶ ለተተኪው ያስረክባል። ኩራ ጃርሶ በ2009 ዓ.ም. ተረከቡ፤ በ2017 ለጉዮ ቦሩ አስረከቡ። ጎበዝ መሪ ቢሆኑም ባይሆኑም፣ ሕዝቡ ቢወዳቸውም ባይወዳቸውም፣ ቀኑ ሲደርስ ሥልጣኑ ያልፋል። እኔን የሚገርመኝ ርክክቡ ብቻ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት የሚረከበው ሰው መታወቁና ለኃላፊነቱ ሲዘጋጅ መቆየቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የምናውቀው ሌላ ነው። አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ዓ.ም. በወታደር ወረዱ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወጡ። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በ2010 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዳቸው ሲለቁ አገር የተደነቀው ያልተለመደ ስለሆነ ነው።

ይህ እንዲለወጥ ከልቤ እፈልጋለሁ፤ የሚጎድለው በአንቀጽ 72 የሚጨመር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። መንገዱ አንቀጽ 105 ላይ ተጽፏል፦ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቁት። ከባድ ነው፤ ግን ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ራሱ ሊያስጀምረው ይችላል፤ ስሙም አብሮት ይኖራል።

ልጄ መልሱን እየጠበቀች ነበር። «አልተወሰነም» ብዬ አጻፍኳት።