«ኒም»ን ማን ይሰጠናል?

በማስተማር ልምምድ ሰሞን «ተማሪው ብድግ ብሎ አላከበረኝም» ብለን ያኮረፍን ስንቶቻችን ነን? እስቲ ኩርፊያውን ለጊዜው እንተወውና አንድ የኮሪያ ቃል እንመርምር።

ኮሪያውያን መምህራቸውን «ሰንሴንግኒም» ብለው ይጠራሉ። ቃሉ ሦስት ቀለም አለው፦ «ሰን»፣ «ሴንግ»፣ «ኒም»። ለአፋችን የሚያስቸግረው የመካከለኛው መጨረሻ ነው። «ን» እና «ግ» ተለያይተው አይነበቡም፤ «ባንክ» ስንል ከ«ክ» በፊት እንደሚሰማው «ን» በአፍንጫ በኩል አንድ ድምፅ ሆነው ይወጣሉ።

አጻጻፉም የሚገርም ነው። ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ለሕዝባቸው ባወጁት በሀንጉል ፊደል፣ የአንድ ቀለም ድምፆች በአንድ ሳጥን እንዳሉ ሆነው ይሰባሰባሉ። «ሰን» ሲጻፍ «ስ» እና አናባቢው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ «ን» ከሥራቸው ትገባለች።

የቃሉ ምንጭስ? «ሰንሴንግ» ከቻይና የተወረሰ ሲሆን ጥሬ ትርጉሙ «ቀድሞ የተወለደ» ነው። ጃፓኖች ይህንኑ ቃል «ሴንሴይ» ይሉታል፤ በዛሬው ቻይንኛ ደግሞ በአብዛኛው «አቶ» እንደ ማለት ያገለግላል። «ኒም» ግን የኮሪያ የራሷ ቃል ነው፤ አክብሮትን ይገልጻል። በዚህም የተነሣ «ሰንሴንግኒም» ለሐኪምም፣ ለሌላ የተከበረ ሰውም ይባላል።

ታዲያ ቀድሞ መወለድ ብቻውን መምህር ያደርጋል? አያደርግም እንላለን! መቅደም ዋጋ የሚኖረው ወደ ኋላ ዞሮ የተከተለውን እጅ ሲይዙ ነው።

ደግሞ ልብ እንበል፦ ኮሪያዊው መምህር ሥራው ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ «ግዮሳ ነኝ» ይላል፤ ይህ የሙያው ስም ነው። አዋቂ ከአዋቂ ጋር ሲነጋገር ራሱን በ«ኒም» አይጠራም። «ኒም» ከሌላ ሰው አፍ የሚመጣ ስጦታ ነው። ተማሪዎች ሲቀርቡትማ ቃሉን አሳጥረው «ሴም» ይሉታል፤ ቁልምጫ መሆኑ ነው።

እኛም ከዚህ ተቋም ይዘነው የምንወጣው ወረቀት «ግዮሳ» ያደርገናል፤ ከዚያ አያልፍም። «ኒም»ን የሚሰጠን በኋለኛው ወንበር የተቀመጠው፣ ስሙን ያወቅንለት፣ ሲሳሳት ያልሳቅንበት ልጅ ነው። እንግዲህ ተነሡልን ማለቱን ትተን፣ እኛው ጎንበስ ብለን ደብተራቸውን እንይላቸው።