የምስክር ወረቀቱ በማን ስም ይሁን?

በቡታጅራ ገበያ ጥጥ የምትመርጥ የመስቃን እናት ርዝመቱንና ጥንካሬውን በጣቷ ስባ ትፈትናለች። መርዝ የተረጨበት መሆን አለመሆኑን ግን ጣት አይለየውም። ኦርጋኒክ ጥጥ የሚባለው ንግድም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ ይኸውም ሩቅ ያለው ገዢ ዋጋ የሚጨምረው ጥጡ ያለ ፋብሪካ መርዝና ማዳበሪያ፣ ዘረመሉም ባልተለወጠ ዘር መመረቱን ለሚያስረዳ ወረቀት ነው።

አንዳንዶች «ያገራችን ገበሬ ድኻ ስለ ሆነ መርዝ አይገዛም፤ ጥጡም ድሮውኑ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ይሁን እንጂ ገበያ የሚከፍለው ለማስረጃ ነው እንጂ ለድኽነት አይደለም። በአርባ ምንጭ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ከፓን ኢትዮጵያ ጋር ሆነው ከበቆሎ የተዘጋጀ ምግብ በማሳቸው ላይ እየረጩ ትል የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትን መሳብ ተማሩ፤ የምስክር ወረቀትም ለማግኘት በቁ።

ዋናው ጥያቄ ግን ወረቀቱ በማን ስም ይውጣ የሚለው ነው። የምርመራውን ወጪ ነጋዴ ከከፈለና ወረቀቱ በእርሱ ስም ከወጣ፣ ገበሬው ለሌላ ገዢ ኦርጋኒክ ብሎ ሊሸጥ አይችልም። ነጋዴው አልገዛም ባለበት ዓመት የገበሬው ድካም በተራ ጥጥ ዋጋ ይሄዳል። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግን በአንድነት የሚመረመሩ ገበሬዎች ከ2,000 ያልበለጡ አባላት ያሉት፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው የራሳቸው ማኅበር እንዲኖራቸው ያዛል። ለኅብረት ሥራ ማኅበሮቻችን ይህ የተከፈተ በር ነው።

በሩ ግን ያለ ወጪ አይገባበትም። መሬቱ ከመርዝ እስኪጠራ ድረስ ከመዝራት በፊት ሁለት ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ጭማሪ ዋጋ የለም። ይህን ሸክም ብቻውን ያለ ገበሬ አይችለውም፤ የማኅበራቱ ዩኒየኖች በብድር ሊሸከሙት ይገባል። ደግሞም መንግሥት በ2010 ዓ.ም. ቢቲ የተባለውን ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ ፈቅዷል። የሚፈልግ ይዝራው፤ ነገር ግን ዘሩ በማሳና በመዳመጫ ሳይቀላቀል የሁለቱ ወሰን አስቀድሞ ይለይ።

መስቃን የታወቀው በበርበሬ እንጂ በጥጥ እንዳይደለ አውቃለሁ። ሆኖም በጥጥ የሚለመደው የማኅበር ሥርዓት ነገ ለበርበሬውም ይተርፋል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ለዚህ ሥራ የእያንዳንዱ ማሳ መዝገብ በየጊዜው መጻፍ አለበት። እርሻና ሒሳብ አያያዝ የምንማር ተማሪዎች የክረምቱን ዕረፍት ለዚህ ብናውለው፣ መምህራኖቻችንም ቢመሩን፣ ገበሬው ወረቀቱን በራሱ ስም ይይዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ከመጥቀስ አልፈን ድሩን እንፍተል።