ሰማይም የወል ነው

ማንቸስተር አቅራቢያ የሚገኘውን የጆድሬል ባንክ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ማዕከል ስጎበኝ ከሁሉ አስቀድሞ የታዘዝኩት ስልኬን እንዳጠፋ ነው። ትእዛዙ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተጠናቀቀው፣ የሳሕኑ ስፋት 76 ሜትር የሆነው ቴሌስኮፕ እንደ ዓይን ሳይሆን እንደ ጆሮ ነው። ከከዋክብት የሚደርሰው የሬዲዮ ሞገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ኪስ ውስጥ ያለች ስልክ እንደ ነጋሪት ትጮህበታለች። የማዕከሉ መሥራች በርናርድ ሎቬልም እ.ኤ.አ. በ1945 የራዳር መሣሪያውን ይዞ ወደዚህ ገጠር የወጣው የከተማው የኤሌክትሪክ ትራሞች ረብሻ አላሠራ ብሎት ነው።

ለመሆኑ ጎብኚው ስልኩን ሲያጠፋ ከራሱ በላይ የሚዞሩትን በሺህ የሚቆጠሩ የንግድ ሳተላይቶች ማን «አጥፉ» ይበላቸው? ሎፋር በተባለው የአውሮፓ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ ከተመለከታቸው 68 የስታርሊንክ ሳተላይቶች 47ቱ ከኤሌክትሮኒክ ዕቃዎቻቸው ያልታሰበ ጨረር እንደሚያፈስሱ አሳየ። ጨረሩ ከ150.05 እስከ 153 ሜጋኸርዝ ያለውን፣ ለሥነ ፈለክ የተመደበውን ክልል ሳይቀር ይነካል። በ2024 ደግሞ የአዲሶቹ ሳተላይቶች ጨረር እስከ 32 እጥፍ እንደሚበረታ ተገለጠ።

«ገጠሩ ኢንተርኔት ከሚያጣ የከዋክብት ሹክሹክታ ቢቀር ምናለበት?» የሚለኝ አይጠፋም። የእኔም አገር ገጠር መስመር ይፈልጋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ማን ነው አንዱን ካልጣልን ሌላውን አናገኝም ያለው? የሳተላይቶቹ ባለቤት ስፔስኤክስ ራሱ ከአሜሪካ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ ሳተላይቶቹ በቴሌስኮፕ አናት ሲያልፉ የሚልኩትን ሞገድ ዘወር የሚያደርጉበትን ዘዴ ሞክሯል። ከዕቃው የሚያፈተልከውንም ጨረር ገና ሲሠራ በመሸፈን መቀነስ ይቻላል። ጎድሎ የነበረው ዘዴ ሳይሆን ግዴታ ነው።

የሚጠፋውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆስሊን ቤል የተባለች የካምብሪጅ ተማሪ በመመዝገቢያ ወረቀት ላይ ትንሽ ጭረት አየች። መጀመሪያ ሰው ሠራሽ ረብሻ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠረጠረ። ሲጣራ ግን ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀው የኮከብ ዓይነት፣ ፐልሳር፣ ሆኖ ተገኘ። ሰማዩ በጩኸት ከተሞላ እንዲህ ያለችውን ጭረት ማን ለይቶ ያያታል?

በወል ግጦሽ ላይ ብዙ ከብት የሚያሰማራ ሰው «አይዟችሁ፣ ተጠንቅቄ አበላለሁ» ቢል መንደሩ በቃሉ ብቻ አያምነውም፤ ደንብ ያወጣለታል። ሰማይም የወል ነው። ከኩባንያዎች የምንጠብቀው ውለታ ሊሆን አይገባም፤ የሚያስፈልገው ሕግ ነው።